ቶነር ለፊታችሁ፦ የትኛውን፣ መቼ፣ እንዴት

ቶነር ግዴታ አይደለም። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ሰው ቶነር ስለሌለው ብቻ ፊቱን ያልተንከባከበ ይመስለዋል። ፊቱን ለስላሳ በሆነ ማጠቢያ የሚታጠብ፣ ቅባቱን የሚቀባ፣ ቀን ቀን ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) የማይረሳ ሰው ዋናውን ሥራ ጨርሷል። ቶነር ከዚያ በላይ የሚመጣ ጭማሪ ነው። ጭማሪም ቢሆን ታዲያ በደንብ ከተመረጠ አሪፍ ነገር ነው። ደረቅ ፊት ያለሰልሳል፣ ወዛም ፊት ላይ ክሬም ሳይደራረብ እርጥበት ይሰጣል፣ አሲድ ያለበት ዓይነት ደግሞ የተደፈነ የቆዳ ቀዳዳ ያጸዳል። ያለቦታው ከገባ ግን ያቃጥላል፣ ይልጣል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ የተቆጣበትን ቦታ ሁሉ አጥቁሮ ነው የሚያስቀምጠው፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚዞረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ፊታችሁን አታስቆጡት።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ቶነር ፊት ከታጠበ በኋላ፣ ከክሬም በፊት የሚደረግ ውኃ መሰል ፈሳሽ ነው። አብዛኛው ይዘቱም ውኃ ነው። አንዱ ከሌላው የሚለየው ውኃው ውስጥ በተጨመረው ነገር ነው።

ድሮ ሥራው ሌላ ነበር። ሰው ፊቱን የሚታጠበው በደረቅ ሳሙና ነበር። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው፣ ማለትም ትንሽ አሲድነት አለው፤ ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። በዚያ ላይ ውኃው ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ አይለቅም፣ ፊት ላይ ስስ ነገር ይቀራል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ውኃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው በዚሁ ካልሲየም ነው። ቶነር ይህን ቀሪ ይጠርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ የመዋቢያ ድርጅት ሥራ ሲጀምር ሳሙና፣ የሚጠርግ ፈሳሽና ማለስለሻ ቅባት ሦስቱን በአንድ ላይ ይዞ ነበር ገበያ የወጣው። «መታጠብ፣ ቶነር፣ ክሬም» የሚለውን ቅደም ተከተል ዛሬም በየሱቁ እንደ ሕግ የምንሰማው እንዲህ ያለው ሽያጭ ስላለማመደን ነው።

አሁን ያሉት የፊት ማጠቢያ ጄሎች ግን አብዛኞቹ ፒኤቻቸው ወደ ቆዳ የተጠጋ ነው፣ በውኃም በቀላሉ ይለቃሉ። ስለዚህ የዛሬ ቶነር ሥራው መጥረግ ሳይሆን መጨመር ነው። እስካሁን ፊታችሁን በደረቅ ሳሙና የምትታጠቡ ከሆነ፣ ቶነር ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ሳሙናውን ቀይሩ። ይሄ ብቻ ግማሹን ችግር ይፈታል።

«ቶነር የፊት ቀዳዳ ይዘጋል» የሚባለውንም እርሱት። ቀዳዳው የሚጨብጠው ጡንቻ የለውም፤ በእንፋሎት አይከፈትም፣ በበረዶም አይዘጋም። የተጠራቀመበት ሲጸዳ ጠበብ ብሎ ይታያል፣ በቃ።

የትኛው ለማን ነው?

እርጥበት የሚሰጠው ለሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ይሆናል። ይዘቱ ላይ ግሊሰሪን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ፓንቴኖል የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ስሙ አሲድ ይሁን እንጂ አይልጥም፤ ውኃ የሚይዝ ነገር ነው፣ አትፍሩት። ፊታችሁ ከታጠባችሁ በኋላ የሚወጠር ከሆነ፣ ሜካፕ ስትቀቡ ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚነሣ ከሆነ የእናንተ ይሄኛው ነው። ወዛም ፊት ያላችሁም አትሽሹት። ወዝና እርጥበት የተለያዩ ናቸው፤ ፊታችሁ እያብለጨለጨም ውኃ ሊጠማው ይችላል።

የሚያረጋጋው ደግሞ ቶሎ ለሚቆጣ፣ ለሚቀላ፣ ብጉር ካለፈ በኋላ ምልክት ለሚተውበት ፊት ነው። እዚህ ውስጥ ኒያሲናማይድ፣ አላንቶይን፣ ሴንቴላ የሚባሉት ይገኛሉ። ኒያሲናማይድ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። 10 በመቶ የሚል ጠርሙስ የበለጠ ይሠራል ብላችሁ አትሩጡ፤ አንዳንድ ፊት ላይ ከጥቅሙ መቆጣቱ ይቀድማል።

አሲድ ያለበት ሁለት ቤተሰብ አለው። ሳሊሲሊክ አሲድ በዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ለብጉር፣ ለአፍንጫ ላይ ጥቁር ነጥቦች፣ ለወዛም ፊት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ያለውን ነው የምትፈልጉት። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ ደግሞ ከላይ ያለውን የሞተ ቆዳ ያላቅቃሉ፤ ላክቲኩ ከግላይኮሊኩ ለዘብ ይላል። ለጀማሪ ግላይኮሊክን አልመክርም። ገበያ ላይ በጣም የሚወራለት እሱ ነው፣ ሰውን ፊቱን አቃጥሎ የሚያስመጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አራተኛው አልኮል የበዛበት ነው። እሱን ሱቅ ውስጥ ተዉት። ክዳኑን ስትከፍቱ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት የሚሸተው ሽታ ይመጣል፣ ፊት ላይ ሲያርፍ ቅዝቅዝ ይልና በሰከንድ ውስጥ ይደርቃል። ያ ቅዝቃዜ ደስ ይላል። ወዙም ለጊዜው ይጠፋል። ደጋግማችሁ ስታደርጉት ግን ቆዳውን የሚጠብቀውን ሽፋን እያሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላው ነገር ሁሉ፣ የለመዳችሁት ክሬም ሳይቀር፣ ማቃጠል ይጀምራል።

ሱቅ ስትገቡ

ኮስሞቲክስ ቤት ገብታችሁ «ቶነር አለ?» ስትሉ ሻጯ ብዙ ጊዜ የምትመልሰው «ምን ዓይነት ቆዳ አለሽ?» ብላ አይደለም። «የሚያጠራ ልስጥሽ?» ነው። ከመደርደሪያው የምታወርደው ጠርሙስም አብዛኛውን ጊዜ ማንጫ ነው። እሱን በጨዋ ደንብ መልሱላት። የማንጫ ምርቶች ውስጥ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት፣ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ አልፎ ተርፎም ሜርኩሪ ተገኝቶ ያውቃል፤ ጠርሙሱ ላይ ሳይጻፍ ማለት ነው። ስቴሮይዱ በሁለት ሳምንት ፊት ያበራል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ይነድዳል፣ ብጉር ይወርራል፣ ቆዳው ይሳሳል። ስያሜ በሌለው ጠርሙስ ተቀድቶ «ራሳችን የቀመምነው ነው» ተብሎ የሚሸጥ ነገርማ ጭራሽ አይነካም።

ከዚያ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ መጨረሻ ላይ እንደፈለጉ ይደረደራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወይም ስድስት ስሞች ማየት ብቻ ብዙ ይነግራችኋል። ከውኃ ቀጥሎ «አልኮል ዴናት» ካለ መልሱት። ግሊሰሪን ካለ ጥሩ ምልክት ነው። «ሴቲል አልኮል» ወይም «ሴቴሪል አልኮል» ካያችሁ ግን አትደንግጡ፣ እነዚህ ቅባትነት ያላቸው ናቸው፣ አያደርቁም። «ፍራግራንስ» ወይም «ፓርፉም» የሚለው ሽቶ ነው፤ ቶሎ የሚቆጣ ፊት ካላችሁ ሽቶ የሌለበትን ምረጡ። ፊት ላይ ማሪንዳ ሊሸት ምን ያደርጋል?

በተረፈ እሽጉ ያልተከፈተ መሆኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ አለመሆኑን እዩ። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ይሄ በተለይ ያስፈልጋል። ዋጋው ደግሞ አያታልላችሁ፤ ግሊሰሪን ርካሽ ነገር ነው፣ በውድ ጠርሙስ ውስጥም ያው ግሊሰሪን ነው።

ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት

አዲስ ቶነር ገዝታችሁ በዚያው ቀን ማታ ፊታችሁን በሙሉ አትቀቡ፣ በተለይ ነገ ሠርግ ካላችሁ። መጀመሪያ የክንዳችሁ የውስጥ ክፍል ላይ ትንሽ ቦታ መርጣችሁ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ያህል አድርጉ። ቀይ ካልሆነ፣ ካላሳከከ፣ ካላበጠ ወደ ፊት ውሰዱት፤ መጀመሪያ መንገጭላ አጠገብ፣ ከዚያ ሙሉ ፊት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሳምንት መጠበቅ ስድስት ወር ጉንጭ ላይ ምልክት ይዞ ከመዞር ይሻላል።

በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ጀምሩ። ቶነርም ሲረምም (ከክሬም በፊት የሚቀባው ስስ ፈሳሽ) አዲስ ክሬምም በአንድ ቀን ከጀመራችሁ፣ ፊታችሁ ሲቆጣ የቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

የጠዋቱ አሠራር

1. እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ፊታችሁን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ማጠቢያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣታችሁ እያሻሻችሁ እጠቡ። ፊታችሁ ደረቅ ከሆነ ጠዋት ላይ ውኃ ብቻውን ይበቃል። የሚፈላ ውኃ ይቅር፤ የታኅሣሥ ጠዋት እንደሚያስመኝ ይገባኛል፣ ግን ያደርቃል።

2. በንጹሕ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጉት፣ አትፈትጉ። ፎጣው የራሳችሁ ይሁን፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠርግበት የመታጠቢያ ቤት ፎጣ ለፊት አይሆንም። ሙሉ በሙሉ አታድርቁት፣ ትንሽ ርጥብ ብሎ ይቆይ።

3. አሁን ቶነሩ። እርጥበት የሚሰጠውን ዓይነት ከሆነ የያዛችሁት ጥጥ አያስፈልግም፣ ጥጡ ግማሹን ይጠጣባችኋል። መዳፋችሁ መሐል ላይ የ1 ብር ሳንቲም የምታህል አፍስሱ። ሁለቱን መዳፎች አንዴ ገጠም አድርጓቸውና ወዲያው ጉንጫችሁ ላይ አሳርፏቸው። እንዳረፉ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዙ። አታሹ፣ በጥፊ አትምቱ፣ ተጫኑ ብቻ። ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ አገጭ፣ የአፍንጫ ግራና ቀኝ በጣት ጫፍ፣ የተረፈውን አንገት። ከዓይን አንድ ጣት ያህል ራቁ። መዳፋችሁን ስታነሡ ቆዳው ትንሽ ጣበቅ ብሎ የሚከተላችሁ ከሆነ ልክ ነው። ከግንባራችሁ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ አብዝታችኋል። በጣም ደረቅ ፊት ያላችሁ ሁለተኛ ዙር መድገም ትችላላችሁ፤ ኮሪያውያን እስከ ሰባት ዙር የሚደርሱበት ልማድ አላቸው፣ እኔ ከሁለት በላይ ጊዜም ገንዘብም ማባከን ነው ባይ ነኝ።

4. እስኪደርቅ አትጠብቁ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ቶነሩን አድርጎ ቁርስ ሊሠራ ይሄዳል፣ ልብስ ሊመርጥ ይሄዳል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ፊቱ ከመጀመሪያው የባሰ ተወጥሮ ያገኘዋል። ግሊሰሪንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ውኃ ይስባሉ፤ አየሩ ደረቅ ከሆነና ከላይ ምንም ካልከደናቸው ያንኑ ውኃ መልሶ አየሩ ይወስደዋል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ፊቱ ገና ርጥብ እያለ፣ ክሬማችሁን ቀቡ። ሲረም ካላችሁ በመሐል ይገባል።

5. መጨረሻ ሰንስክሪን፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው የመከላከያ ቁጥር (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ። ይሄ አይታለፍም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠም ፀሐዩ ፊቱን እየበላው ነው። ማድያት ያለባችሁ ቀለም ያለውን ሰንስክሪን ፈልጉ፤ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል።

የማታው አሠራር

ማታ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰንስክሪንና ሜካፕ ፊት ላይ ካለ አንድ ጊዜ መታጠብ አይበቃም። መጀመሪያ በማጽጃ ዘይት ወይም በሚሴላር ውኃ አላቁት፣ ከዚያ በጄሉ ታጠቡ። የከተማው አቧራ፣ የቁፋሮው፣ የታክሲው ጭስ፣ ሁሉም በዚህ ይሄዳል። ታጥባችሁ ቶነር በጥጥ ስትጠርጉ ጥጡ ላይ የፋውንዴሽን ቀለም ከታየ ቶነሩን «ጎበዝ!» አትበሉት፤ አስተጣጠባችሁ ነው የጎደለው።

ሁለተኛ፣ አሲድ ያለበትን ቶነር የምትጠቀሙ ከሆነ ቦታው ማታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር።

ፊታችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ርጥብ ፊት ላይ አሲድ የበለጠ ይቆነጥጣል። እዚህ ጥጥ ይጠቅማል፣ እኩል ያዳርሳል። ከፋርማሲ የሚገዛውን ጥቅል ጥጥ ከሆነ ያላችሁ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ብን ብን እያለ ቅንድብና ጺም ላይ ይቀራልና ክቡን የፊት ጥጥ ካገኛችሁ ይሻላል። ጥጡ ይርጠብ እንጂ አያንጠባጥብ። ከመሐል ወደ ዳር አንዴ ብቻ ጥረጉ። ከዓይን ዙሪያ፣ ከከንፈር፣ ከአፍንጫ ክንፍ ጥግ ራቁ፤ እነዚህ ቦታዎች መጀመሪያ የሚላጡ ናቸው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆዩና ክሬም ቀቡ። አታጥቡት፣ ጠርሙሱ ላይ «ታጠቡ» ካላለ በስተቀር።

መጀመሪያ በሳምንት አንድ ማታ። ሁለት ሦስት ሳምንት ችግር ከሌለ ሁለት ማታ። ለአብዛኛው ሰው ከሦስት በላይ አያስፈልግም፤ ማስታወቂያው «በየቀኑ» ቢልም። በዚያው ማታ ሬቲኖል፣ ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባሉትን ለብጉር ወይም ለመሸብሸብ የሚቀቡ ነገሮች አትደርቡበት፣ በሌላ ማታ አድርጉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደ ግላይኮሊክና ላክቲክ ያሉ አሲዶችን የሚጠቀም ሰው፣ ካቆመ በኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል ከፀሐይ እንዲጠነቀቅ ይመክራል። ሰንስክሪን አልቀባም የምትሉ ከሆነ አሲዱንም አትጀምሩ። እውነቴን ነው፤ ማድያት ለማጥፋት ብላችሁ ታብሱታላችሁ።

ለአስፕሪን አለርጂ ያለበት ሰው ሳሊሲሊክ አሲድ አይንካ። ነፍሰ ጡር የሆነች መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። ሐኪም ያዘዘላችሁ የብጉር መድኃኒት ላይ ያላችሁም እንዲሁ።

የቤት ውስጥ ቶነርስ?

ይህን ጥያቄ ሁሌም ነው የምሰማው። መልሴ እንደ ዕቃው ይለያያል።

ሎሚ በፍጹም። ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፣ ማለትም ሱቅ ከሚሸጠው የአሲድ ቶነር የበለጠ ኃይለኛ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ የሎሚ ጭማቂ ፊት ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት አቃጥሎ፣ ውኃ አስቋጥሮ፣ በኋላም አጥቁሮ መተዉ ነው። አያቶቻችን ይጠቀሙበት ነበር ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ ግን አይሆንም። አቼቶም ያው ነው፣ በውኃ ቢቀጥንም ያቃጠላቸው ብዙ ናቸው። አቼቶ ለሰላጣ ይቅር።

እሬት ያረጋጋል፣ ግን ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ቅጠሉን አቁማችሁ ቢጫው ተንጠፍጥፎ ይውጣ፣ እጠቡት፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ተጠቀሙ። የሩዝ ውኃ ጉዳት የለውም፣ ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ተአምርም አትጠብቁበት። የጽጌረዳ ውኃ ደስ የሚል ሽታ ያለው ውኃ ነው፣ ሽቶ ለማይስማማው ፊት አይሆንም።

ከሁሉም የሚያዋጣው የፋርማሲ ግሊሰሪን ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። እንዳለ ግን አይቀባም፣ ማጥበቁና ማጣበቁ ያስመርራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን በአንድ የሻይ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አቅጥኑ። በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር ስለሌለበት ከሦስት ቀን በኋላ የተረፈውን ድፉት። ባክቴሪያው ዓይን አያየውም፣ «ጥርት ብሏል እኮ» ብላችሁ አትከራከሩ።

እንደምትኖሩበት ቦታ

አዲስ አበባ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ እርጥበት የሚሰጠው ቶነር የሚለየው ያኔ ነው። ክረምት ላይ ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ሊያልፈው ይችላል። ሚኒሶታም ሆነ ስቶክሆልም ያላችሁ በብርዱ ወራት የቤት ማሞቂያው ፊት ያደርቃል፤ አሲዱን ቀንሱ፣ ክሬሙን አወፍሩ። ዱባይና ሪያድ ደግሞ ውጪው ሙቀት ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሥር መዋል ያው ማድረቅ ነው። ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ በነካ እጅ ፊት አይነካ። ጓንት አድርጉ፣ ማታ ቶነር ከማድረጋችሁ በፊትም እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፣ አሞንያና በረኪና አንድ ላይ አትቀላቅሉ። ይሄኛው ስለ ፊት ሳይሆን ስለ ሳንባ ነው።

ለወንዶች

ፀጉር ቤት ስትላጩ መጨረሻ ላይ አንገታችሁ ላይ የሚረጨው አልኮል ጀርም ይገድላል፣ እሺ። በየቀኑ ቤት ውስጥ ተላጭታችሁ ፊታችሁ ላይ ኮሎኝ ማጨብጨብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠጉራችን ጠምዛዛ ስለሆነ ሲላጭ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ እየገባ አንገትና መንገጭላ ላይ ሽፍታ ያወጣል፤ አልኮሉ ያንን ያስቆጣዋል እንጂ አያድነውም። ከተላጫችሁ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ታጠቡና የሚያረጋጋውን ቶነር በመዳፍ አድርጉ። በተላጫችሁበት ቀን አሲድ የለም። ሽፍታው ለሚያስቸግራችሁ፣ በማትላጩበት ማታ የሳሊሲሊክ ቶነር አንገት ላይ ማድረግ የገባው ጠጉር እንዲወጣ ያግዛል። ቅንድብ በክር ወይም ፊት በሰም ያስነሣችሁ ሴቶችም ሁለት ሦስት ቀን ከአሲድ ራቁ።

ነገሩ ሲበላሽ

ትንሽ መቆንጠጥ፣ ያውም አሲድ ከሆነ፣ በደቂቃ ውስጥ ካለፈ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ የሚያቃጥል ከሆነ ግን «እየሠራ ነው» አይባልም፣ በውኃ ይታጠባል። ማቃጠል የመሥራት ምልክት ሆኖ አያውቅም።

ፊታችሁ የሚያብለጨልጭ፣ የተወጠረ፣ ውኃ ራሱ የሚያቃጥለው ከሆነ መከላከያ ሽፋኑ ተጎድቷል። ቶነሩን፣ አሲዱን፣ ሲረሙን ሁሉ አቁሙ። ለስላሳ ማጠቢያ፣ ሽቶ የሌለው ክሬም፣ ማታ ከላይ ስስ ቫዝሊን፣ ቀን ሰንስክሪን። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ታገሡት። በመሐል «ትንሽ ብሞክረውስ» አይባልም።

አሲድ ከጀመራችሁ በኋላ ድሮም ብጉር የሚወጣበት ቦታ ላይ ትንንሽ ብጉር ከበዛ ሊያልፍ ይችላል፣ ስድስት ሳምንት ያህል ስጡት። ወጥቶ በማያውቅበት ቦታ ከወጣ ወይም ከብጉር ይልቅ የሚያሳክክ ሽፍታ ከሆነ ግን አልተስማማችሁም፣ አቁሙ። ማድያት ደግሞ በቶነር አይጠፋም። ማንም ምንም ቢላችሁ። እሱ የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ በየሱቁ የምታወጡትን ብር ሰብስባችሁ አንዴ ብትታዩበት ይሻላል።

አቀማመጥ

የመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ አታስቀምጡት፣ ሙቀትና ብርሃን ይጎዳዋል። ቁም ሳጥን ወይም መሳቢያ ይበቃል። የጠርሙሱን አፍ ፊት ወይም ጥጥ ላይ አታስነኩ። ጀርባው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ የመሰለች ትንሽ ሥዕል አለች፣ ውስጧ 6 ወይም 12 ተብሎ ተጽፏል፤ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪፕቶ ጠርሙሱ ሥር ጻፉት፣ ካልሆነ ማንም አያስታውሰውም። ቀለሙ ወይም ሽታው ከተቀየረ ወሩ ባይሞላም ይጣል። ፊታችሁ ላይ ያልተስማማ፣ ግን ያልተበላሸ የግላይኮሊክ ቶነር ካለ አትድፉት፤ ያልተሰነጠቀ ተረከዝና የጠቆረ ክርን ላይ በሳምንት ሁለቴ አድርጋችሁ ከላዩ ቅባት ቀቡበት።